ስምንተኛው ብክነት

የንስሐ አባቴ ስለ ጾም ይጠይቁኛል፤ ስለ ሐሜትም ይጠይቁኛል። ስለ ሲሚንቶ ግን አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። እኔም ካልተጠየቅሁ ምን አስለፈለፈኝ ብዬ እስከ ዛሬ ዝም አልኩ።

አዳማ ውስጥ ሕንፃ የምሠራ አነስተኛ ተቋራጭ ነኝ። ካይዘን የሚባለውን የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ከተማርኩ ወዲህ ስለ ብክነት ያልሰበክሁት ሰው የለም። ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ምስኪን እስኪወርድ ድረስ ስለ ቶዮታ ይሰማል። ለቅሶ ቤት ሄጄ የድንኳኑ ወንበር አደራደር "ፍሰት የለውም" በማለቴ የሟች ወንድም በቁጣ አይቶኛል። ይህ ሁሉ ሲሆን በራሴ ሳይት የሚሰበረው ብሎኬት፣ የሚጠጥረው ሲሚንቶ፣ የሚቆራረጠው ፌሮ ተሰብስቦ ቢሰጠኝ አንድ ሰርቪስ ቤት አቆምበት ነበር። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእኔ ነው። እኔ እንዲያውም ለማማሰሉ የምስክር ወረቀት አለኝ።

ወረቀቱን ያገኘሁት ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል ነው። ጠዋት ታይቺ ኦኖ የተባለው ጃፓናዊ ቶዮታ ውስጥ ስለለያቸው ሰባት ብክነቶች ተማርን፦ ከሚፈለገው በላይ ማምረት፣ መጠበቅ፣ ዕቃ ማመላለስ፣ የማያስፈልግ ሥራ መጨመር፣ ክምችት፣ ትርፍ እንቅስቃሴ፣ የተበላሸ ሥራ። ምሳ ሰዓት ላይ ሳህኔን እስከ አፉ ሞልቼ ግማሹን ተውኩት። ከሰዓት በኋላ አሠልጣኙ "ከልክ ላለፈ ክምችት ማን ምሳሌ ይሰጠናል?" ሲሉ ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የሰጠሁት ምሳሌ የሌላ ተቋራጭ መጋዘን ነበር።

ካይዘን አገራችን የገባው በክብር ነው፤ እኔ እጅ እስኪወድቅ ድረስ። እ.ኤ.አ. በ2008 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጃፓኖች ቱኒዚያ ውስጥ ስላገዙት የካይዘን ሥራ አንብበው ለኢትዮጵያም እንዲደረግ ጠየቁ። በ2009 በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት፣ በጃይካ፣ ድጋፍ በ30 ያህል ፋብሪካዎች ሙከራው ተጀመረ። በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። በእኛው ሸለቆ መተሐራና ወንጂ ስኳር ፋብሪካዎች ገቡበት። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ የሚሉት አምስቱ "ማ"ዎች በየፋብሪካው ግድግዳ ላይ ተለጠፉ። ስኳር ፋብሪካ የቻለው እኔን እንዴት ያቅተኛል?

ያቅታል። ፋብሪካ ውስጥ ማሽኑ ቆሞ ምርቱ ይሄዳል፤ ሕንፃ ላይ ምርቱ ቆሞ ሰው ነው የሚሄደው። ፌራዮው አናጢውን ይጠብቃል፣ አናጢው ግንበኛውን፣ ለሳኙ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን። አንዱ ከዘገየ ሁሉም እጁን አጣጥፎ ይቆማል፣ የቀን ሂሳቡ ግን አይቆምም። ፊንላንዳዊው ላውሪ ኮስኬላ እ.ኤ.አ. በ1992 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ የቶዮታን አስተሳሰብ ወደ ግንባታ ለማምጣት ጻፈ። አሜሪካኖቹ ግሌን ባላርድና ግሬግ ሃውል ደግሞ ሳይት እየዞሩ ቆጠሩ፦ ለሳምንቱ ከታቀደው ሥራ በሳምንቱ ውስጥ የሚያልቀው ከግማሽ እምብዛም አይበልጥም። ይህን ስሰማ የተሰማኝን ደስታ አትጠይቁኝ። ለካ አሜሪካም አዳማ ናት!

መድኃኒታቸው ለመናገር ቀላል ነው። የሳምንቱን ዕቅድ የሚያወጣው ቢሮ የተቀመጠው ሰው አይሁን፤ ጠዋት ሠራተኛውን "አንተ እዚህ፣ አንተ እዚያ" ብሎ የሚያሰማራው ሰው፣ ማለት ፎርማኑ፣ ያውጣው። እሱም ቃል የሚገባው ሲሚንቶው፣ ፌሮው፣ ድሮዊንጉና ሰዉ መሟላቱን አይቶ ብቻ ይሁን። በሳምንቱ መጨረሻ ስንቱ ቃል ተፈጸመ፣ ያልተፈጸመውስ ለምን ቀረ ተብሎ ይቆጠር። ፎርማኑን "የመጨረሻው አቃጅ" ይሉታል። አሠልጣኙ ይህን ሲያስረዱ እኔ ስልክ ላነጋግር ወጥቼ ነበር። ስመለስ ስለ ሰሌዳ ቀለም እያወሩ ደረስኩ። እሱን በደንብ ያዝኩት።

አዳማ እንደተመለስኩ መጀመሪያ የገዛሁት ሰሌዳ ነው። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። የሕንፃው ባለቤት መኪናውን ሲያቆም ፊት ለፊቱ እንዲሆን በር ላይ ተከልኩት፤ ሥራው ካለበት ቦታ ግን አይታይም። ሠራተኞቹ "አባ ሰሌዳ" የሚል ስም አወጡልኝ። እኔ የማዕረግ መስሎኝ ኮርቼ ነበር።

ከዚያ ማጣራት ጀመርኩ። ጥግ ላይ የተደገፉ ቁርጥራጭ ጣውላዎች አየሁና ለጥበቃው የቡና ማፍያ ሰጠኋቸው። በማግስቱ አናጢው ግቢውን ሲያምስ ዋለ። ከጣውላዎቹ አንዱ የየፎቁን የመስኮትና የበር ከፍታ በእርሳስ ምልክት ያደረገበት ልኩ ኖሯል። ያንን ልክ እንደገና እስኪያወጣ መስኮት ገጣሚዎቹ ጥላ ስር ተቀመጡ። እኔ ሰሌዳው ላይ "ማጣራት" ከሚለው ትይዩ አረንጓዴ ቀባሁ።

የአዳማ ንፋስ ደግሞ ለወረቀት አይራራም። ኮረብታው ላይ የቆሙት ተርባይኖች ከዚህ ንፋስ በመጀመሪያው ምዕራፍ 51፣ በሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። እኔ ከዚሁ ንፋስ ያተረፍኩት ቻርቶቼን ከጎረቤት ወፍጮ ቤት ጣራ ላይ ማስለቀም ነው። የባሰው ግን ሶሌታው ነው። ፀሐይና ንፋስ ተባብረው ሲመጡበት አዲስ የተሞላ ኮንክሪት ላዩ ቶሎ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጆንያ አልብሶ ቢያንስ ለሳምንት ውሃ ማጠጣት ግድ ነው። ሰሌዳዬ ላይ ሃያ ምናምን ረድፍ ነበር፤ "ውሃ ማጠጣት" የሚል ግን አልነበረም። ለባለቤቱ የሚታይ ሥራ ስላልሆነ ይሆናል። ስንጥቁን ለመድፈን የወጣው ገንዘብ ለውሃ ቦቴ ከሚወጣው በብዙ ይበልጥ ነበር።

አሸዋውንም ልናዘዝ። ሲኖትራኩ የመቂን አሸዋ ይዞ ማታ ደርሶ ሾፌሩ ሲደውል ቤቴ እራት ላይ ነበርኩ። "እዚያ ጥግ ላይ ድፋው" አልኩት። እዚያ ጥግ የሴፕቲክ ታንክ የሚቆፈርበት ነው። ያ አሸዋ ከመቂ እስከ አዳማ ከመጣው መንገድ ይልቅ ግቢው ውስጥ በባሬላ የተጓዘው ሳይበልጥ አይቀርም። ባሬላ የተሸከሙትን ልጆች ሳይ "ዕቃ ማመላለስ ሦስተኛው ብክነት ነው" እያልኩ አስተምራቸው ነበር። እነሱም "እሺ ኢንጂነር" እያሉ ይሸከማሉ።

ስለ ክምችት ግን ትንሽ ልከራከር፤ ተናዛዥ አይከራከርም የሚል ሕግ የለም። ቶዮታ "የምትፈልገውን፣ በምትፈልግበት ሰዓት ብቻ አምጣ" ይላል። ቶዮታ በ2014 ዓ.ም. ሲሚንቶ ፍለጋ አልዞረም። ዛሬ ያልገዛኸውን ነገ በሌላ ዋጋ ነው የምታገኘው፣ እሱም ከተገኘ። ብር በቤትህ ከሚያድር ሲሚንቶ ቢያድር ይሻላል ብሎ የሚያስብ ተቋራጭ ሰነፍ አይደለም። የጃፓኑን ሕግ እንዳለ ገልብጦ ማምጣት አይሠራም፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው። እዚህ ድረስ እውነቴን ነው። ነገር ግን ኩንታሎቹን ባዶ ወለል ላይ፣ ግድግዳ አስደግፌ፣ አዲሱን ከፊት አሮጌውን ከኋላ አድርጌ የደረደርኩት እኔ ነኝ። አዳማ ዙሪያዋን ኮረብታ የከበባት ጎድጓዳ ከተማ ናት፤ በክረምት ጎርፉ ከየአቅጣጫው ወደ መሃል እንደሚወርድ ሕፃን ያውቃል። ጎርፉ ስቶሩን በታች በኩል ጎበኘው። የታችኛው ረድፍ እዚያው ድንጋይ ሆነ። የገበያውን ጥፋት ለገበያው ልተው፤ ከስር ጣውላ አለማንጠፌ ግን የገበያ ጉዳይ አይደለም።

እንቅልፍ የሚነሳኝ ፌሮው ነው። ፌሮ 12 ሜትር ሆኖ ይመጣል። ለአንዱ ፎቅ ባለ 5 ሜትር ከ20 ዘንግ በብዛት ያስፈልገን ነበር፤ ባለ 3 ሜትር ከ40ም እንዲሁ። እኔ ላፕቶፔን ከፍቼ የቆረጣ ዝርዝር አወጣሁ፦ መጀመሪያ ረጃጅሞቹ ይቆረጡ፣ ቀጥሎ አጫጭሮቹ። ከ12 ሜትር ሁለት 5.20 ሲወጣ 1 ሜትር ከ60 ይተርፋል። ሦስት 3.40 ሲወጣ 1 ሜትር ከ80 ይተርፋል። ከመቶ 13ና 15 እጁ ማለት ነው። ባለ 16 ሚሊ ሜትር ፌሮ በሜትር ወደ 1.6 ኪሎ ይመዝናልና ከእያንዳንዱ ዘንግ ሁለት ኪሎ ተኩልና ከዚያ በላይ ወደ ጥግ ይሄዳል። ቆራሌው ሳይታችንን ወደዳት። እንዲያውም ከበዓል በፊት እየመጣ እንኳን አደረሳችሁ ይለን ጀመር።

ፌራዮው የአርሲ ልጅ ነው፤ ከእኔ ዲግሪ በላይ ዕድሜ ያለው የፌሮ መቁረጫ ይዞ ይሠራል። አንድ ቀን ሻይ ሰዓት ላይ ክምሩን እያየሁ "ይህ ሁሉ ከየት መጣ?" ብዬ ተቆጣሁ። እሱ ዳቦውን እያኘከ፣ "ከአንዱ ዘንግ አንድ 5.20ና ሁለት 3.40 ቢወጣ ምንም አይተርፍም ነበር" አለ። ስልኬን አውጥቼ ደመርኩ። 12 ሜትር ሙሉ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ።

"ታዲያ እስካሁን ለምን አልነገርከኝም?"

"ዝርዝሩን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። አልጠየቁኝማ።"

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያች ላይ ይነቃ ነበር። እኔ ግን ሐሳቡን ወስጄ በሚቀጥለው ሥልጠና ላይ "ከሳይቴ ልምድ" ብዬ አቀረብኩት። ተጨበጨበልኝ። ፌራዮው በዚያች ሰዓት አዳማ ላይ በአሮጌው ዝርዝር እየቆረጠ ነበር፤ አዲሱን መስጠት ረስቼ ኖሯል።

ኦኖ ሠልጣኞቹን ወለል ላይ በጠመኔ በተሰመረ ክብ ውስጥ አቁሞ፣ ብክነት እስኪታያቸው ድረስ ለሰዓታት እንዲመለከቱ ያደርግ ነበር ይባላል። ይህን እኔም አደረግሁ። ፀሐዩ ስለማይቻል ግን ክቡን ጥላ ስር አሰመርኩ፤ ወንበር አስገባሁበት፤ ማኪያቶ አዘዝኩ። ከዚያ ሆኜ ሳይ አንድ ፎቅ ሙሉ ሰው ቆሟል። ግንበኛ ቆሟል፣ የቀን ሠራተኛ ቆሟል፣ ሚክሰሩ ባዶውን ይዞራል። ሁለተኛው ብክነት፣ መጠበቅ! በደስታ ፎርማኑን ጠራሁትና ቶዮታዎች የሚጠቀሙበትን የአምስት "ለምን" ምርመራ ጀመርኩ። ምክንያቱን እስከ ሥሩ ለማግኘት አምስት ጊዜ ለምን ማለት ነው።

"ጋሼ፣ ኮለኑ ለምን አልተሞላም?"

"ፌሮው ታስሮ አላለቀም።"

"ለምን አላለቀም?"

"ቶንዲኖው አልተሠራም።"

"እሱስ ለምን?"

"ድሮዊንጉ ላይ ያለው ልክና ተቆጣጣሪው የነገረን ልክ አልገጠመም። የቱ ይሁን ብለን ጠይቀናል።"

"ማንን?"

"እርስዎን ነዋ። 'ነገ እነግራችኋለሁ' አሉን፤ እየጠበቅንዎት ነው።"

አምስተኛው ለምን ላይ አልደረስንም። ፎርማኑ በዕድሜ ታላቄ ነው፣ ነገር አያበዛም፤ ማኪያቶዬን አየት አደረገና ወደ ሥራው፣ ማለቴ ወደ መቆሙ፣ ተመለሰ።

ያን ዕለት ማታ ያለ ወትሮዬ ከሥልጠናው የተሰጠንን ጥራዝ አነበብኩ። ኋላ የመጡ ሰዎች በሰባቱ ብክነቶች ላይ ስምንተኛ ጨምረዋል፦ የሠራተኛውን እውቀት አለመጠቀም። በእኔ ሳይት ስምንተኛው ብክነት ነጭ ሄልሜት ያደርጋል፣ አርፍዶ ይመጣል፣ ከጥያቄ ሁሉ "ነገ" ብሎ ያመልጣል። ከዚህ የባሰውን ደግሞ ልናገር። ሰው ሲጠብቀኝ ደስ ይለኝ ነበር። አሥራ ምናምን ሰው ቆሞ "ኢንጂነር ይምጣና ይወስን" ሲል መስማት ከማኪያቶ ይጥማል። ፎርማኑ ራሱ አቅዶ፣ ራሱ ቃል ገብቶ፣ ራሱ ቢጨርስ እኔ ምን ልባል ነው? ይህን የትኛውም ቻርት ላይ አላሰፈርኩትም።

አሁን አንገቴን ከምደፋበት ነገር ልድረስ። በየሳምንቱ የተፈጸመውን ሥራ በመቶኛ መለጠፍ ነበረብኝ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቁጥር ባላርድና ሃውል ካዩት እንኳ ያነሰ ነበር። ስለዚህ መላ ዘየድኩ፦ የሳምንቱን ዕቅድ ሥራው ካለቀ በኋላ ቅዳሜ ማታ መጻፍ ጀመርኩ። የተሠራውን አይቼ ያንኑ አቀድኩ። ቁጥሩ ወዲያው ከ90 በላይ ወጣ። የሕንፃው ባለቤት ሰሌዳውን ፎቶ አንስቶ ለወንድሙ ላከ። ወንድምየው ደውሎ ሻሸመኔ ለሚያሠራው ሕንፃ ዋጋ እንዳቀርብ ጠየቀኝ። አቀረብኩ። ኃጢአት እንዲህ በፍጥነት ዋጋ ሲከፈለው ያየሁት በግንባታ ብቻ ነው።

የተያዝኩት ስቶር በምትጠብቀው ልጅ ነው። ሰኞ ከስቶር የተጠየቀው ሲሚንቶና ቅዳሜ በሰሌዳው ላይ ታቅዶ ነበር ተብሎ የተለጠፈው የኮንክሪት መጠን እንደማይገናኝ ደርሳበት፣ ሰው ፊት ሳይሆን ለብቻዬ፣ መዝገቧን ይዛ መጣች። አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት ምን ያህል ሲሚንቶ እንደሚበላ ለእሷ ያስተማርኳት ራሴ ነበርኩ። ዋሸሁ ከምል ይልቅ "መልካም፣ ከአሁን ወዲህ ቁጥሩን አንቺ ያዥው" አልኳት፤ እንደ ሥልጣን ሰጪ ሆኜ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ፣ ደመወዝ ከመከፈሉ በፊት፣ ፎርማኑ፣ ፌራዮው፣ አናጢውና የለሳኞቹ አለቃ ስቶሩ በር ላይ ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ለሚቀጥለው ሳምንት የሚችለውን ይናገራል፤ ያልተሟላለት ነገር ካለ "አልችልም" ይላል። "አልችልም" የሚለውን መስማት ለእኔ እንደ ስድብ ነበር፤ አሁንም ትንሽ ይቆረቁረኛል። ልጅቷ ትጽፋለች። ያልተፈጸመው ሥራ አጠገብ "ምክንያት" የሚል ረድፍ አለ፤ እዚያ ላይ "ኢ.አ." የሚል ምልክት እየበዛ ሄደ። የሲሚንቶ ዓይነት መስሎኝ ስጠይቃት፣ "ኢንጂነር አልመጣም" ማለት ነው አለችኝ። ከታች ደግሞ "ኢ.አ.2" አለ፤ እሱ "ኢንጂነር አልወሰነም" ነው። ሲሚንቶና አሸዋ ተደምረው የሁለቱን ያህል ሥራ አላስቆሙም።

እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባና የአዳማ ፈጣን መንገድ መርካቶን የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ አድርጎልኛል። ያም ሆኖ የኤሌክትሪክ ቱቦ እንዲመጣ መወሰን ከቱቦው ጉዞ ይልቅ ብዙ ቀን ይፈጅብኛል። ጠዋት ላይ ጥያቄዎቹን ሳልመልስ ማኪያቶ ላለማዘዝ ለራሴ ሕግ አውጥቻለሁ። ሕጉን የማከብረው በጾም ነው።

ፌራዮው የቆረጣውን ዝርዝር አሁን ራሱ ያወጣል፤ ቆራሌውም መምጣት ቀንሷል። የሶሌታው ስንጥቅ በልስን ተሸፍኗል፤ የት እንደነበረ የሚያውቁት ለሳኙና እኔ ነን። ሕንፃው ከውሉ ቀን ዘግይቷል፤ ለባለቤቱ ምክንያቱ የሲሚንቶ እጥረት ነው ብዬዋለሁ፤ ይህን ጽሑፍ ካነበበ እንግዲህ ይወቀው።

ሞጆም፣ ባቱም፣ ሻሸመኔም፣ እዚሁ አዳማም ሕንፃ የምታሠሩ ሰዎች፦ ተቋራጫችሁ በር ላይ ባለቀለም ሰሌዳ ካቆመ አመስግኑትና አልፋችሁ ግቡ። ፌራዮውን ፈልጋችሁ "ባለፈው ሳምንት ምን ስትጠብቅ ነበር?" በሉት። የእኔን ሳይት ማየት የምትፈልጉ ካላችሁ ግን ቀድማችሁ ደውሉልኝ።